ሳውላ 63 ጆንያ ልብስ ይዤ ሄጄ የተማርኩት

ይሄን ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ብዙ ጊዜ ትቼው ነበር። ግን ክረምት በገባ ቁጥር የሆነ ቦታ መሬት ተናደ፣ ጎርፍ ወሰደ ሲባል እንሰማለን፣ በማግስቱ ሰው ሁሉ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ልብስ ማውጣት ይጀምራል። እኔም እንደዛ ነው የጀመርኩት። ቢያንስ እኔ ያጠፋሁትን ሌላ ሰው እንዳይደግመው የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ሰኞ ነው። ስራ ላይ ሆኜ ፌስቡክ ስከፍት ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ የሚባል ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ሰው ተቀበረ የሚል አየሁ። ፎቶው ላይ ቀይ ጭቃ፣ በእጃቸውና በአካፋ የሚቆፍሩ ሰዎች፣ ዳር ላይ ቆመው የሚያለቅሱ እናቶች። እኔ የጎፋ ዞን ዋና ከተማ ሳውላ ላይ ሁለት አመት አስተምሬያለሁ፣ ያንን አረንጓዴ ተራራ አውቀዋለሁ፣ ተማሪዎቼ ከእንደዛ አይነት ገጠር ነበር የሚመጡት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሳውላ ላለች ነርስ ጓደኛዬ ደወልኩ። አላነሳችም። ማታ ላይ ራሷ ደወለችና ምንም ሳትል ትንሽ አለቀሰች።

እሷ የነገረችኝ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። እሁድ ከባድ ዝናብ ዘንቦ፣ መጀመሪያ የተናደው መሬት የተወሰኑ ቤቶችን ነው የቀበረው፣ ጎረቤቱ በሙሉ ጩኸት ሰምቶ ለማውጣት ሮጦ ሄደ፣ እየቆፈሩ እያለ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተንዶ የሚቆፍሩትንም አብሮ ቀበራቸው። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ አስተማሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሊረዱ ሄደው እዛው ቀሩ። ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ የተባበሩት መንግስታት በዛው ሳምንት 257 ብሎ ነበር፣ ከአካባቢው መውጣት ያለባቸው ደግሞ ከ15 ሺህ በላይ ናቸው አለ። የተወካዮች ምክር ቤትም የሶስት ቀን ብሔራዊ ሀዘን አወጀ።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ይሄ ህይወት ያድናል። ገደላማ አገር ላይ ቤተሰብ ያላችሁ ደውላችሁ ንገሯቸው፣ መሬት አንዴ ከተናደ ሁለተኛ መናዱ የተለመደ ነው። ከላይ ያለው አፈር ድጋፉን አጥቷል፣ ውሀ ጠግቧል። ሰው ተቀብሮ ቆማችሁ እዩ ማለት አይቻልም፣ የማንም አንጀት አይችልም፣ ግን ሁሉም ሰው አንድ ላይ እዛ ጭቃ ላይ አይውጣ። ጥቂቱ ይቆፍር፣ አንድ ሁለት ሰው ራቅ ብሎ ተራራውን ብቻ ይይ፣ መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ሲያዘነብል፣ የምንጭ ውሀ በድንገት ሲደፈርስ ወይ ሲቆም ካየ ወይ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማ ይጩህ፣ የሚቆፍሩትም ወደታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሩጡ። ህፃናትና ሽማግሌዎች ደግሞ ከመጀመሪያው ከስሩ ይውጡ።

ወደ እኔ ልመለስ። በነጋታው ሰፈር ውስጥ ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፣ ፖስተር ሰራን፣ ለጎፋ ወገኖቻችን ልብስ እናሰባስብ አልን። ሰው የሰጠው ፍቅር ይገርማል፣ የጎረቤቴ ልጅ ስድስት አመቷ ነው፣ የምትወደውን ሹራብ ይዛ መጣች። በአምስት ቀን 63 ጆንያ ልብስና 187,400 ብር ሞላልን። አይሱዙ ተከራየን፣ 46,000 ብር ከፈልን፣ እኔና አንድ የሰፈር ልጅ ከሹፌሩና ከረዳቱ ጋር በቡታጅራ በሆሳዕና አድርገን ሶዶ አደርን፣ በነጋታው በሰላምበር ሳውላ ገባን። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን በክረምት በጭነት መኪና ረጅም ነው።

ሳውላ ስንደርስ ጓደኛዬ ወደ እርዳታ መቀበያው መጋዘን ወሰደችን። በሩ ሲከፈት ያየሁት ልብስ ነው። እስከ ጣሪያ ድረስ ልብስ። ከየከተማው ሰው እንደኛ አስቦ፣ እንደኛ ሰብስቦ፣ እንደኛ ጭኖ ልኳል። መጋዘኑን የሚጠብቁት ትልቅ ሰው በጣም ጨዋ ናቸው፣ አመስግነው ተቀበሉንና፣ «ልጄ፣ ዝርዝሩን ታመጪልኛለሽ?» አሉኝ። የምን ዝርዝር? ምን ምን እንደሆነ፣ ስንት የወንድ ስንት የሴት፣ ስንት የህፃን። እኛ ዝርዝር የለንም፣ እንደመጣ ጨምቀን ነው ያሰርነው። «እንግዲህ እየፈታን እናየዋለን፣ ሰው ስናገኝ» አሉ። ሰው የት ይገኛል፣ እዛ ያለው ሰው በሙሉ ወይ ለቅሶ ላይ ነው ወይ እህል እያከፋፈለ ነው።

ስለዚ አንድ ቀን አድረን እንመለሳለን ያልነው ሰዎች አራት ቀን ቁጭ ብለን ልብስ ለየን። ከ63ቱ ጆንያ 21ዱ ለሰው የሚሰጥ አይደለም። የተቀደደ፣ ዚፑ የተበላሸ፣ ያልታጠበ የውስጥ ልብስ፣ አንድ እግር ጫማ፣ የሰርግ ቀሚስ፣ ሂል ጫማ። ጭቃ ላይ ሂል ጫማ። 30ው ደህና ልብስ ነው፣ ግን መጋዘኑ ውስጥ ከሱ የሚሻል ሞልቷል። በትክክል የተፈለገው 12ቱ ብቻ ነው፣ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ወፍራም ሹራብ፣ የህፃናት ልብስ። እዛ ከፍታ ላይ በሐምሌ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል።

በሶስተኛው ቀን ከጓደኛዬ ጋር ወደ መጠለያው ሄድን። አንዲት እናት አጠገቧ ስቀመጥ የለበሰችው የሰው ኮት እንደሆነ ያስታውቃል፣ በጣም ይሰፋታል። ምን ያስፈልግሻል እናቴ አልኳት። አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ ጓደኛዬ አስተረጎመችልኝ። «ድስት» አለች። እህል ሰጥተውናል፣ በቆሎ አለ፣ የምቀቅልበት የለኝም፣ ከጎረቤት ድስት ተራ እየጠበቅኩ ልጆቼ እየተኙብኝ ነው አለች። እኔ በዛች ደቂቃ ያሰብኩት 46,000 ብሩን ነው። በመኪናው ኪራይ ብቻ ሳውላ ገበያ ላይ ስንት ድስት ይገዛ እንደነበር። ሂሳቡን ማታ ሰራሁት፣ በጀሪካን ከሆነ 200 ጀሪካን ነው። አልተኛሁም።

ሌሎቹንም ሴቶች ስንጠይቅ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፣ ድስት፣ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ሸራ፣ ቢላ፣ ባትሪ። ሞዴስ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም፣ ወንዶች ባሉበት እንዴት ብላ ትጠይቃለች፣ ለጓደኛዬ በጆሮዋ ነው የነገሯት። ከሞዴሱ ጋር የውስጥ ሱሪም እንደሚያስፈልግ ያስታወሰችን ራሷ አንዲት ወጣት ናት፣ ሞዴስ ብቻ ሰጥቶ መሄድ ምን ዋጋ አለው። ወንዶቹ ደግሞ ቦቲ ጫማና ዶማ አሉ፣ ገና አስከሬን ያላወጡ ነበሩና። የወንድሙን ሬሳ ሳያገኝ እህል በልቶ የሚያድር ሰው የለም።

የቀረን 141,400 ብር ነበር። ከአዲስ አበባ ምንም አላመጣንም፣ እዛው ሳውላ ገበያ ነው የገዛነው። ይሄ በጣም ጠቅሞናል፣ አንደኛ ትራንስፖርት የለም፣ ሁለተኛ ነጋዴው ለማን እንደሆነ ሲሰማ ዋጋ ቀነሰልን፣ እንዲያውም አንዱ ነጋዴ ከገዛነው ላይ ሳሙና ጨመረበት። ሶስተኛ ደግሞ የአካባቢው ገበያ ራሱ ተጎድቷል እኮ፣ የሚገዛው ገበሬ ሀዘን ላይ ነው። ከውጭ በመኪና በነፃ የሚገባ እቃ ሲበዛ እዛ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረውም ይጎዳል፣ ይሄን ማንም አያስበውም።

ስለዚ ብር ይሻላል ነው የምለው፣ በግልጽ ልናገረው። ብር መስጠት ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ልብስ ከቤትህ አውጥተህ አጥፈህ ስትሰጥ የሆነ ነገር እንዳደረግክ ይሰማሃል፣ ይገባኛል። ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርጎ ልብስ ልላክ ብላኝ ነበር፣ የካርጎውን ዋጋ ጠይቂና እሱን ራሱን ላኪው አልኳት፣ ትንሽ ተቀየመችኝ፣ በኋላ ግን የገዛነውን ድስት ፎቶ ስልክላት ገባት። ድስቱን እንጂ ሰዎቹን አላነሳሁም፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ብር ሲባል ግን ሌባ አለ። የኛን ፖስተር የሆነ ሰው ኮፒ አድርጎ፣ የአካውንት ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። የምናውቃት አንዲት ሴት 3,000 ብር ለሱ ልካለች። ለባንኩ አመለከትን፣ ብሩ ግን አልተመለሰም። ከዛ በኋላ የምናደርገው እንዲህ ነው፣ አካውንቱ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው፣ ሰው ሲልክ የሚመጣለትን የአካውንት ስም ከፖስተሩ ጋር እንዲያመሳክር እንነግረዋለን፣ በየቀኑ ማታ የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ ግሩፑ ላይ እንለጥፋለን። እናንተም የማታውቁት ግለሰብ አካውንት ላይ አትላኩ፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢያስለቅስ። የምታምኑት ሰው በቦታው ከሌላችሁ ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል መስጠት ይሻላል፣ በብዙ ቦታ ቅርንጫፍና በጎ ፈቃደኛ አለው፣ ቀድሞ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ማከፋፈሉ ራሱ ስራ ነው። መጀመሪያ ቀን ከመኪና ላይ ሆነን ሳሙና ልንሰጥ ሞከርን፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ሰው ተጋፋ፣ ህፃን ወደቀ፣ ጉልበት ያለው ሶስት ይዞ ሄደ፣ እርጉዟ ባዶ እጇን ቆመች። ያሳፍራል፣ ሰዎቹ ላይ አይደለም የምፈርደው፣ እኛ ነን በዛ ሰአት የማይሆን ነገር ያደረግነው። በተባበሩት መንግስታት መረጃ መሰረት ከአካባቢው መውጣት ካለባቸው ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ እርጉዝና የምታጠባ እናት፣ ከ1,300 በላይ ደግሞ ከ5 አመት በታች ህፃን ነበሩ፣ እነሱ ናቸው እንግዲህ ሰልፍ ላይ የሚሸነፉት። በነጋታው በቀበሌው መዝገብ ስም እየተጠራ፣ እናቶች ቀድመው፣ መሄድ ለማይችሉት ደግሞ ጎረቤታቸው ፈርሞ እየወሰደላቸው ሆነ። ሌሊቱን ዝርዝር ስንጽፍ አደርን፣ ግን ማንም አልተጋፋም።

ፎቶ ነገር። የሰጠነውን ለማሳየት ፎቶ ያስፈልጋል፣ ለጋሹ ማየት አለበት፣ ልክ ነው። ግን ልጆቿን የቀበረች ሴት አፍንጫዋ ስር ስልክ ደቅኖ ሳሙና ተቀበይ ማለት ምን የሚሉት ነው? በአይኔ አይቻለሁ፣ አንዴ የሰጡትን መልሰው ተቀብለው ቪዲዮው አልያዘም ብለው በድጋሚ ያሰጧት። እኛ የእቃውን፣ የደረሰኙን፣ የተፈረመበትን ወረቀት ስም ሸፍነን እናነሳለን፣ ይበቃል። ማንም ለጋሽ ፊት አላየሁም ብሎ ብሩን አልጠየቀንም።

ሌላ የዱቄት ወተትና ጡጦ ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ፣ ከርህራሄ ነው። ነርሷ ጓደኛዬ ተቆጣች። ንፁህ ውሀ በሌለበት፣ ጡጦ በማይቀቀልበት ቦታ የዱቄት ወተት ህፃኑን ተቅማጥ ነው የሚያስይዘው፣ እናትየው ማጥባት ከቻለች እሷን መግቧት፣ አጥሚት ስጧት፣ የምትጠቀለልበት ነገር ስጧት፣ ማጥባት ያልቻለችውን ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዷት አለች። መድሀኒትም እንደዛው፣ ከቤት የተረፈ ክኒን በፌስታል አትላኩ፣ ማን አንብቦ ለማን ይሰጠዋል።

እና ልጆቹ። ሙሉ ቤተሰቡ አልቆ ብቻውን የቀረ ልጅ ሲታይ ወስጄ ላሳድገው የሚል ብዙ ሰው ደወለልኝ፣ እያለቀሱ ነው የሚደውሉት፣ እኔም አስቤዋለሁ አልዋሽም። ግን ልጁ አያት አለው፣ አጎት አለው፣ ቋንቋው እዛ ነው፣ እናቱ የተቀበረችው እዛ ነው። በሳምንቱ አዲስ አበባ ማምጣት ማለት የቀረውንም መቀማት ነው። የሚረዳው አያትየውን መርዳት ነው፣ ልጁ እዛው ይደግ። ከዛ ውጪ ልጅ ልውሰድ የሚል ማንኛውም ሰው የሴቶችና ህፃናትን ጉዳይ በሚመለከተው የመንግስት ቢሮ በኩል ካልሆነ መጠርጠር አለበት፣ በግርግር ልጅ የሚወስድ ክፉ ሰውም አለና።

ብዙ ሰው ምን ልበላቸው ብሎ ይጠይቀኛል። ምንም። እግዜር ያጽናችሁ ብሎ መቀመጥ ነው፣ ለቅሶ ቤት እንደምንቀመጠው። ስንት ሰው ሞተብህ ብሎ መጠየቅ፣ እንዴት ሆነ ንገረኝ ማለት አይገባም፣ ማውራት የፈለገ ራሱ ያወራል። አንድ አባት ሁለት ሰአት ሙሉ ስለ በሬው ነው ያወራኝ፣ የበሬውን ስም፣ ጠባዩን፣ እንዴት እንደሚያርስ። ሚስቱንም አጥቷል። ስለ ሚስቱ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ሰማሁት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ያየሁት ነገር ነው ደግሞ ዋናው። ነሐሴ ሲገባ ወሬው ጠፋ። እንዲያውም ከጎፋው በሁለት ሳምንቱ ገደማ ወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ውስጥ መሬት ተንዶ ሰው ሞቶ ነበር፣ ለሱ ግን የተሰበሰበው ሰው ጥቂት ነው፣ ሰው ደክሞታል። ጓደኛዬ ጋር ስደውል መጋዘኑ አሁንም ልብስ አለው፣ የሚመጣ እህል ግን ቀንሷል አለችኝ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ደብተር የለም። መሬቱ ጭቃ ስር ስለሆነ የሚታረስ የለም፣ የሚሸጥ ከብት የለም። ያኔ ነው የገባኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው አለ፣ በአራተኛው ወር ማንም የለም።

ስለዚ ግሩፑን አልዘጋነውም። ከ200 ምናምን ሰው 14 ቀረን፣ በወር 500 500 ብር እናዋጣለን፣ 7,000 ይሆናል፣ ብዙ አይደለም። መስከረም ደብተርና እስክሪብቶ፣ ህዳር ላይ ለስድስት ቤተሰብ ተራ በተራ በግ መግዛት ጀመርን። ለማን ይገዛ የሚለውን እኛ አንወስንም፣ እዛው ያሉ ሽማግሌዎችና ጓደኛዬ ናቸው የሚወስኑት። አንዴ እኔ ለእገሊት ይሁን ብዬ ጣልቃ ገብቼ፣ እሷ ወንድሟ አርባምንጭ ነጋዴ ነው፣ ከሷ የባሰ አለ ተባልኩ። ከ450 ኪሎ ሜትር ይሄ አይታይም።

አፋር ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ ደግሞ፣ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ፣ ታህሳስ 26 ቀን 2017 ያው አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምንኖር ሁላችንም የተሰማን ጊዜ፣ ግሩፑ ላይ አንድ ልጅ ብርድ ልብስ እንሰብስብ ወይ ብላ ጻፈች። ቆዩ አልን። መጀመሪያ እዛ የሚሰራ ሰው በሰው በሰው አፈላልገን አገኘንና አራት ነገር ጠየቅነው፣ ዛሬ ምን የለም፣ ምን ተትረፍርፏል፣ እዛው ገበያ ላይ ምን ይገኛል፣ ማን ነው መዝግቦ የሚያከፋፍለው። የመለሰልን በጣም የተለየ ነው፣ ውሀና የውሀ ማስቀመጫ፣ ጥላ የሚሆን ሸራ፣ እና የከብቶቹ ነገር፣ አርብቶ አደር ከፍየሉና ከግመሉ ተለይቶ አይፈናቀልማ። ጎፋ ላይ የለመድነውን ጭነን ብንሄድ ኖሮ ሌላ መጋዘን ሞልተን እንመለስ ነበር። ስልኩ 20 ደቂቃ ነው የፈጀው።

እንግዲህ ልምዴ ይሄ ነው። ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ ጊዜ አላችሁ፣ እኛን በጣም የጠቀመን አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ነው፣ አንድ ብር አልሰጠም፣ የተረጂዎቹን ዝርዝር በኤክሴል ሰርቶ ማን ምን እንደወሰደ በየወሩ ያስተካክልልናል፣ ሁለት ጊዜ የወሰደና ጨርሶ ያልደረሰው ወዲያው ይታያል። ሹፌር የሆነ በመመለሻው ባዶ መኪናውን መስጠት ይችላል። ጎፍኛ የሚችል ማስተርጎም ይችላል።

ባለፈው ሰኞ ጓደኛዬ ጋር ደውዬ ነበር። ዝናቡ ጀምሯል አለችኝ፣ የዛን ጊዜ የሰጠነው ሸራ ፀሀይ በልቶት መቀደድ ጀምሯል፣ አምስት ቤት እያፈሰሰባቸው ነው። ወፍራሙን አይነት ሳውላ ሱቅ ላይ አይታዋለች፣ ዋጋውን ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ጠይቃ ትልክልኛለች።